ለባሕሩ ዋስ

ወለተሥላሴ ልጇ ከጠፋ ስድስት ወር ሙሉ አላለቀሰችም። አንጀቷ ደንጊያ ሆኖ አይደለም፤ የሐረሩ የሸዋ በር ሰፈር እድር «ሞቷል» ስላላላት ነው። እንግዳ ሰው ይህን ቢሰማ፣ እናት ለማልቀስ ደግሞ የማን ፈቃድ ያስፈልጋታል ብሎ ይስቅ ይሆናል። በእድር ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ ያደገ ሰው ግን አይስቅም። ሞት መርዶ አለው፤ መርዶም ነጋሪ አለው። ሽማግሌዎች ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው፣ በር አንኳኩተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ካልተናገሩ በቀር፣ የሚያውቁትን ሞት እንዳላወቁ ሆኖ መኖር ግድ ነው። ሆድ ይፍጀው ይባላል። የወለተሥላሴም ሆድ ፈጀው።

ሥራዋ ቡና ለቀማ ነው። ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ባለው መጋዘን፣ ከሰባ ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጥቁሩን ከነጩ፣ ስባሪውን ከደህናው ስትለይ ትውላለች። በግራዋ የምትቀመጠው ሸምሲያ ናት። ሸምሲያ ቤቷ በሌላ የከተማው በር፣ ፈላና በር ነው፤ ባሏ ዓሊዪ ከከተማው ውጭ ሶፊ ላይ ጫት ያለማና በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ይላል። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ምሳዋን ዞር ብላ ትበላለች። ከዚህ በላይ ስለ ወዳጅነታቸው መናገር አያስፈልግም።

ልጆቻቸውም እንደነሱ አልተለያዩም። በ1959 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የስዌዝ ቦይ ተዘጋ ተባለ። ትልልቆቹ መርከቦች ባሕሩን ትተው ሲሄዱ ትንንሾቹ እንደ ልባቸው ሆኑ፤ ከአሰብ ኤደን፣ ከኤደን ጅቡቲ ይመላለሱ ጀመር። ሰው ይፈልጋሉ ሲባል የወለተሥላሴ እንደሻው ለሞተር ክፍል፣ የሸምሲያ አሕመድ ለማብሰያ ቤት ተመዘገቡ። የቀራቸው ዋስ ነበር። ያለ ዋስ ማን ይቀጥራል? ለጥበቃም፣ ለጸሐፊም፣ ለመርከበኛም ዋስ ይጠራል።

ወለተሥላሴ የሄደችው ወደ አቶ ኃይለመስቀል ነው። አቶ ኃይለመስቀል የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በአስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ሬዲዮናቸው ባለ ትልቅ ባትሪ፣ የዓለም ወሬ ሲያወሩ ደግሞ ማቆሚያ የሌላቸው ሰው ናቸው። ዋስ እንዲሆኑላት ለመነቻቸው፤ እግረ መንገዷንም፣ እምቢ ቢሏት ደስ እንደሚላት በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ባሕር እፈራለሁ። እኔ ከዓለማያ ሐይቅ በቀር ውሃ አላየሁም» አለቻቸው።

አቶ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ነፍሳቸው ነው።

«ምን ያስፈራሻል? ሬዲዮ አትሰሚም እንዴ! ሰባት መንግሥታት ኅብረት አቁመው፣ የጦር መርከብ አዋጥተው የባሕሩን አንገት ይጠብቃሉ። ሌት ተቀን! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

«ባሕሩ የነሱ ነው?»

«አይደለም እንጂ! ቁም ነገሩስ እሱ አይደል። አገራቸው ከዚያ የሳምንት መንገድ ነው። የሰውን ውሃ ነው የሚጠብቁት።»

«ታዲያ ምን አገባቸው?»

«ንግድ ነዋ! ሰላም ነዋ!» አሉና ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። «ስሚኝ ወለተሥላሴ። ለልጁ እኔ ዋስ ነኝ። ለባሕሩ ኅብረቱ ዋስ ነው። በይ ተኚ።»

ፈረሙ። ሸምሲያም ከኋላ ቆማ ነበርና ለአሕመድም ፈረሙለት። ፊርማቸው ከስሙ ይልቅ ጅራቱ ይረዝማል።

ልጆቹ አምስት ወር ሠሩ። በየወሩ አንድ ፖስታ ይመጣል፤ በውስጡ ሁለት ወረቀት አለ። የሁለቱንም የሚጽፈው እንደሻው ነው፤ የሁለቱንም የምታነበው ወለተሥላሴ ናት፤ ሸምሲያ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረችም። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጥግ ይቀመጡና መጀመሪያ የአሕመድን፣ ቀጥሎ የእንደሻውን ታነብባለች። እንዲህ ያለው ሥርዓት በማንም አልተደነገገም፤ የእንግዳን ድርሻ የማስቀደም ያህል ነው።

በታኅሣሥ የመጣው ፖስታ ውስጥ ግን ወረቀቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም በታይፕ የተመታ። ወለተሥላሴ ደመወዝ ጨመሩላቸው መሰላት። አስቀድማ ሳታየው ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። መርከቧ ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ቡና ጭና ከአሰብ እንደ ወጣች፣ ኤደን እንዳልደረሰች፣ በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች የተሰበረ ሣንቃና የቡና ጆንያ በውሃው ላይ እንዳዩ፣ ከአሥራ አንዱ ሰዎች አንድም እንዳልተገኘ፣ የአሥራ አንዱ ስም ከዚህ እንደሚከተል ይላል። አፏ ከልቧ ቀድሞ ነበርና በዚያው በደብዳቤ ድምፅዋ እስከ መጨረሻው አነበበች። አሕመድ ዓሊዪ አራተኛ ነው። እንደሻው ሰባተኛ።

«ድገሚው» አለች ሸምሲያ።

ደገመችው። ደወሉ ተደወለ። ተነሥተው ወደየቦታቸው ገቡና ቡናቸውን ይለቅሙ ጀመር። ሌላ ምን ይደረጋል? የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወለተሥላሴ ከለቀመችው ቡና አንድ ጥቁር ፍሬ አልተገኘበትም። የመጋዘኑ ኀላፊ እፍኙን አንሥቶ «እጅሽ ይባረክ፤ እንደዚህ ነው ለቀማ» አላት። እሷም «አሜን» አለች።

ማታውኑ ደብዳቤውን ለአቶ ኃይለመስቀል ወስዳ ሰጠቻቸው። ቆመው አነበቡት፤ ተቀምጠው አነበቡት። ደብዳቤውን በአራት አጥፈው፣ «ጠፉ ነው የሚለው» አሉ። «ሞቱ አይልም።»

እንግዲህ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። አሥራ አራተኛው አንቀጽ፣ አባል ወይም የአባል ልጅ በከተማው ውስጥ ቢሞት እድሩ ወዲያው ድንኳን ይተክላል፤ ከከተማው ውጭ ቢሞት ግን የሞተበት አገር ሹም የጻፈው ወረቀት እስኪቀርብ ድረስ መርዶ አይነገርም፣ ድንኳን አይተከልም ይላል። ደንቡ በከንቱ የወጣ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ አርባው ወጥቶለት፣ በእግሩ የመጣ ሰው ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ባየው ቁጥር ያማትብ ነበርና ሰውየው አገር ለቅቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሞትን እንጂ መጥፋትን አያውቅም።

«ወረቀት አስመጣለሁ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «እኔ እጽፋለሁ። እስከዚያ ተስፋ አትቁረጪ።»

ተስፋ ይሉታል እሳቸው። ወለተሥላሴ ተስፋ አልነበራትም። ልጇ እንደ ሞተ «የቡና ጆንያ» የሚለውን ስታነብ አውቃዋለች፤ ያንን ቡና ሸምሲያና እሷ ለቅመውት ይሆናል። ያልነበራት ለቅሶው ነው። እንጀራው አልጣፈጣትም፤ አልመረራትምም። አንድ ቀን የፈላ ውሃ እግሯ ላይ ፈሰሰና ቆዳው ሲነሣ አይታ ነው የተቃጠለች መሆኗን ያወቀችው። ምንም አይሰማትም ነበር፤ ይህም ራሱ ያስፈራት ነበር። ጎረቤት «ከልጁ ወሬ አለ?» ሲላት «እስካሁን የለም» ትላለች። «እንደሻው» ማለት ግን ደብዳቤውን ካነበበች ወዲህ አልቻለችም። በሰው ፊትም ለብቻዋም «ልጁ» እያለች ትጠራዋለች።

ጥር ላይ አንድ ጧት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ወደ ሥራ ወጣች። ሆን ብላ አይደለም፤ እጇ ነው ያደረገው። የአቶ ኃይለመስቀል ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ከደጃፋቸው አዩዋትና እየሮጡ ደረሱ።

«ምን ማለትሽ ነው? በሕይወት ባለ ልጅሽ ላይ ታሟርቻለሽ? ይቅር ይበልሽ!» አሉና ነጠላውን ከትከሻዋ ገፍፈው፣ መልሰው አቀኑላት። ክፉ ሴት አይደሉም። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ወለተሥላሴ ንስሐ አባቷንም ጠይቃቸው ነበር፤ እሳቸውም «ስም ጠርቼ እንድፈታው ሞቱ ይታወቅ፤ እድሩ ምን አለ?» አሏት። ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አቶ ኃይለመስቀል ብዕር ላይ ያርፋል።

አቶ ኃይለመስቀልም ጻፉ፤ ሐሰት አይነገርባቸው። መርከቧ ለተነሣችበት ወደብ ጻፉ። መልሱ በየካቲት መጣ፤ መርከቧ ወደቡን በደኅና መልቀቋ ተረጋግጧል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ አይመለከተንም ይላል። ለምትደርስበት ወደብ ጻፉ። ያልደረሰ መርከብ መዝገብ የለንም የሚል መልስ መጣ። በመጨረሻ ያ የሚመኩበት ኅብረት ጅቡቲ ውስጥ ቢሮ አለው ሲባል ሰሙና፣ በፈረንሳይኛ አስተማሪ አስተርጉመው ሦስት ገጽ ላኩ። ሁለት ወር ጠበቁ። በዚህ ሁለት ወር ሬዲዮናቸውን እንደ ቀድሞው ለጎረቤት ከፍ አድርገው አልከፈቱትም።

የኅብረቱ መልስ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙ የሚያምር ነው። አቶ ኃይለመስቀል ወለተሥላሴን አስጠርተው፣ አስተማሪው የተረጐመውን አነበቡላት።

«የኅብረቱ መርከቦች ተግባር የንግድ መተላለፊያውን ጸጥታ መጠበቅ ነው። በውሃው ላይ የሞቱትንም ሆነ የጠፉትን መመዝገብ የውሃው ባለቤት የሆነው አገር ሥልጣን ነው። በተጠቀሰው ዕለት ጸጥታው የተጠበቀ እንደነበረ መዝገባችን ያሳያል። በሐዘንዎ ተካፋይ ነን።»

«የውሃው ባለቤት ማነው?» አለች ወለተሥላሴ።

«እሱን አልጻፉም።»

«እርስዎስ አያውቁም?»

አቶ ኃይለመስቀል የዓለምን ነገር ሲጠየቁ አላውቅም ያሉት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ያሉትም በአፋቸው አይደለም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን መተዳደሪያውን ቀድዶ ድንኳኑን ባወጣ ነበር። እሳቸው ግን ድንኳን ቢያወጡ፣ እድርተኛው ሁሉ ከሥሩ ተቀምጦ «ዋሱ ማን ነበር?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ፈሩ። ፈሪ ደግሞ ደንብ ይወዳል። «ለአዲስ አበባ እጽፋለሁ» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አለች። ወጣች።

በማግስቱ ሸምሲያ ከሥራ ቀረች። ማታ ወለተሥላሴ ብትሄድ፣ የፈላና በር ቤቷ ከነጓሮው በሴት ተሞልቶ አገኘችው። ያገሩ ሰው አፎቻ የሚለው፣ ለሠርግም ለሐዘንም የሚሰባሰበው የሸምሲያ ማኅበር ነው። ሼሁ ተጠይቀው፣ ሣንቃው ከታየ ስድስት ወር አለፈ፣ ሬሳ ለሌለው የሚሰገድ ሶላት አለ፣ ይሰገድለት ብለው ነበር። ተሰግዶለታል። ሸምሲያ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ግን ፊቷ የሰው ፊት ሆኖ ተቀምጣለች።

«በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፣ ሰማዕት ነው አሉኝ፤ አልሐምዱሊላህ» አለቻት። «አለቀስኩ ወለቴ። ሦስት ቀን ልቅሶ አለኝ። አንቺስ?»

«ለአዲስ አበባ ሊጽፉ ነው» አለች ወለተሥላሴ።

ሸምሲያ አየቻት። ጓደኛዋ ስድስት ወር ሙሉ በቀኟ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ልቅሶ ቤት ገብታ፣ ለቀስተኛ መሐል ቆማ፣ ነጠላዋ ቀንቶ፣ ዓይኗ ደርቆ፣ «ስኳር ላምጣላችሁ?» እያለች ስትጠይቅ አየቻት። ይህን ማየት ከራሷ ሐዘን ይልቅ ከበዳት። የማኅበሩን ታላቅ፣ አሮጊቷን ሙናን፣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደቻቸው። ምን እንደ ተነጋገሩ ወለተሥላሴ አልሰማችም። የሰማችው የሙናን የመጨረሻ ቃል ነው፤ «የኛ አፎቻ ከፈላና በር ወዲያ ወጥቶ አያውቅም፤ ወላሂ፣ በኔ ዕድሜ አላየሁም።»

በአራተኛው ቀን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የወለተሥላሴ በር ተንኳኳ።

ከፈተች። ደጃፉ በሴቶች ተሞልቷል። አርባ ይሆናሉ። ከተማውን የከበበውን የጀጎልን ግንብ ጥግ ይዘው፣ ከፈላና በር እስከ ሸዋ በር በእግራቸው መጥተዋል፤ ሻሻቸው ጤዛ ይዟል። ሙና ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል፤ ሸምሲያ ከጎናቸው ናት።

«ግቡ» አለች ወለተሥላሴ።

ገቡ። ቤቱ አሥሩን እንኳ አልያዘም፤ የቀሩት ደጁ ላይ ተቀመጡ። ሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ግን ነገሩን ለሸምሲያ ተዉላት።

«ወለቴ» አለች ሸምሲያ። «የልጆቻችንን ወሬ የምታነቢልኝ ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ፤ የኔን እያስቀደምሽ። ዛሬ ያንቺን እኔ ላስቀድም። እንደሻው ሞቷል። አሕመድም ሞቷል። ሁለቱም ሞተዋል።»

«እሺ» አለች ወለተሥላሴ። ዞር ዞር አለች። «መቀመጫ የለኝም። ከጎረቤት አግዳሚ ልለምን።»

ሸምሲያ ተነሣች። የጓደኛዋን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አወረደች፤ እንዴት እንደሚደረግ ደጋግማ አይታዋለችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረችና አለበሰቻት። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ነው ልቅሶውን የጀመሩት። የሰፈሩ በር በየተራው ተከፈተ። ያላወቀው ወጣ፤ አውቆ ዝም ያለውም ወጣ።

አቶ ኃይለመስቀል ካፖርታቸውን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው ደረሱ። ደጁን የሞሉትን ሴቶች አዩ።

«ይህ የኛ እድር ሰፈር ነው» አሉ። ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንቢ አላቸው። «ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም አላዘዘንም አባቴ» አሉ ሙና፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «ሰፈሩ የእናንተ ነው፤ እናውቃለን። እናንተ እስክትመጡ ነው የተቀመጥን።»

አቶ ኃይለመስቀል ዘወር ብለው ሄዱ። ተቆጥተው ሄዱ ብሎ ያማቸው ሰው ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ድንኳኑን በሁለት ጎልማሶች አሸክመው፣ ምሰሶውን ራሳቸው ይዘው ተመለሱ። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ የእድሩን መዝገብ ከብብታቸው አውጥተው ወለተሥላሴ ፊት በርከክ አሉ። የሟችን ስም ጻፉ። ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት ብለው ጻፉ። ቀጥሎ «የሞተበት ቦታ» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ብዕራቸው እዚያ ላይ ቆመ። ቀለም ጠብ አለ።

«እዚህ ላይ ምን ልበል?» አሉ። «ለባሕሩ ዋስ አለው ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«የማን አገር ልበል ልጄ?»

ወለተሥላሴ መዝገቡን አየችው። ማንበብ ታውቃለች። አሥራ አራተኛውንም አንቀጽ ታውቀዋለች።

«ሐረር ብለው ይጻፉ» አለች። «እስከ ትናንት በሕይወት ነበር፤ እርስዎ ነዎት ያሉት። ዛሬ ጧት ነው የሞተው። እዚህ፣ ከቤቴ ነው የሞተው። ለዚህ ወረቀት አያስፈልግም።»

አቶ ኃይለመስቀል ቀና ብለው አላዩዋትም። በዚያ ባማረ ጽሑፋቸው «ሐረር» ብለው ጻፉ። የመጨረሻዋ «ር» ትንሽ ተጣመመች። ከሥሩ ፈረሙ፤ ጅራት የሌለው ፊርማ ነበር።

ወለተሥላሴ ጣቷን በጽሑፉ ላይ አሳለፈችና ስሙን ለማንበብ አፏን ከፈተች።

«እንደሻው» አለች። ደግማ «እንደሻው!» አለች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ከድንኳኑ አልፎ ወጣ፤ ሸምሲያም ወገቧን ይዛ፣ እንዳትወድቅ፣ አብራት ጮኸች።